ሹፌሯን የጠበቀችው ጀልባ

ስሚማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ታሪክ ስነግርሽ መሀል ላይ እንዳትስቂብኝ። መሳቅ ካማረሽ መጨረሻው ላይ ቦታ አስቀምጬልሻለሁ። ሰው ሲያፍር መጀመሪያ የሚግለው ጆሮው እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? እንግዲህ የዚችን ልጅ ጆሮ ሦስት ወር ሙሉ ሲግል አስቢው። ውሃ ቢያፈሱበት ይንተከተካል።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከወጣች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ያደገችው አጎቷ ቤት ነው። አጎቷ ደግሞ ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ያለው፣ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ከሰው የማይደማመጥበት ትልቁ የቆርቆሮ መጋዘን የሳቸው ነው። አንድ አናጢ አላቸው፤ በጣም ከመቅጠኑ የተነሳ ሁሉም ሰው ሚስማር ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱም ራሱ የረሳው ይመስለኛል። ልጅቷን ደግሞ ሚዛን ይሏታል። ምክንያቱን አሁን ታዪዋለሽ፤ እሱ ነው ጉዱ ሁሉ።

ነገሩ የጀመረው ሲስተሯ የመጣች ቀን ነው። ሲስተሯ በሐይቁ ዙሪያ ባሉት መንደሮች እየዞረች ሕፃን የምትከትብ፣ እርጉዝ የምታይ ነርስ ናት። የነበራት ጀልባ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ እንደ ውሃ ይጠጣል፣ ባለፈ ቁጥርም የሚያስነሳው ማዕበል የዓሣ አጥማጆቹን መረብ ይበጣጥሳል።

«ምን አሉኝ መሰለሽ» አለች ለልጅቷ፣ አጎትየው እጃቸውን እስኪታጠቡ ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ «‹ሲስተር፣ መርፌሽን እንወደዋለን፣ ማዕበልሽን ግን ይዘሽልን ሂጂ።›»

አጎትየው ይሄን ሰሙ። ወደ ውስጥ ገቡና ዳር ዳሩ የተበላ አሮጌ ፎቶ ይዘው ወጡ። ፎቶው ላይ እንደ እርሳስ ረጅምና ቀጭን፣ አፍንጫዋ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከውሃው ብዙም ከፍ ያላለች ጀልባ አለች። ሐይቁ ከኋላዋ እንደ መስታወት ነው፤ ያለፈች አይመስልም።

«ድሮ ሞተር ሰነፍ ነበር» አሉ። «ስለዚህ ጀልባዋ ነበረች የምትተጋው። ቀጭንና ቀላል ካደረግሻት ትንሽ ሞተር ይበቃታል፤ ውሃውም ሳትቀሰቅሺው ያሳልፍሻል። እንደዚህች ዓይነት ነው የምሠራልሽ።»

ሲስተሯ ፎቶውን አየች፣ ልጅቷን አየች። «ማን ይነዳልኛል? የድሮው ሹፌሬ ከተማ ሊገባ ነው።»

«እሷ ትነዳለች» አሉ አጎትየው ወደ ልጅቷ እየጠቆሙ። «ከመራመዷ በፊት ነው መቅዘፍ የጀመረችው።»

ልጅቷ ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጣች። ትምህርት ጨርሳ፣ የመጀመሪያ ሥራዋ፣ ያውም አጎቷ በሠሯት ጀልባ። ይሄን ያዢልኝ። ስንት ነገር ያበላሸችው እንደዚያ ደስ ብሏት ነው።

አሁን ስለ አጎትየው አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አለዚያ የሚመጣው አይገባሽም። ባለፈው ዓመት አንድ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ ወደቡ ላይ ያለው ወሬኛ ሁሉ «ሽማግሌው ከእንግዲህ መስመር አይታያቸውም፣ ቁጥርም ይምታታባቸዋል» ሲል ነው የሚውለው። እሳቸውም ይሰማሉ። አንድ ቀን ሚስማር ፊት እንዲህ አሉ፦ «ይቺን ጀልባ እሠራለሁ። ውሃ ላይ ቀጥ ብላ ካልቆመች ግን አርጩሜዬን ሰቅዬ ቤቴ እቀመጣለሁ።» አርጩሜ የሚሉት ረጅምና ተጣጣፊ ቀጭን እንጨት ነው፤ የጀልባዋን ጎን የሚስሉት እሱን አጉብጠው ነው። ወረቀቱ ላይ እንዲረጋ ደግሞ በየቦታው ኤሊ የሚያካክሉ ከባድ ብረቶች ይጭኑበታል፤ ስማቸውም ኤሊ ነው። «ኤሊ አቀብዪኝ» ሲሏት እንግዳ ሰው ይደነግጣል።

ታዲያ ጀልባዋን እንዲህ ነው የነደፏት። መጀመሪያ ክንድ የምታክል ሞዴል ከለስላሳ እንጨት ቀረጹ፤ ማታ ማታ እራት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ሲዳብሷት ያመሹ ነበር። ከዚያ ወረቀት ላይ ሳሏት። ከዚያ ደግሞ ወለሉን ነጭ ቀብተው በቁመቷ ልክ፣ ስምንት ሜትር ሙሉ፣ ተንበርክከው ሳሏት። ወርዷ ሰፋ በሚልበት ቦታ አንድ ሜትር ከሩብ ብቻ ነው። ሚስማር መሀሏ ላይ ተጋደመና «አለቃ፣ ይቺ ለእኔ ነው የተሰፋችው» አለ።

ቀጭን ጀልባ ግን ቁጡ ናት። ወፍራሙ ጀልባ ውስጥ አንድ ሰው ከወዲህ ወዲያ ቢል ምንም አይደል። ቀጭኗ ውስጥ፣ ሚስማር እንደሚለው፣ ምራቅሽን በቀኝ ጉንጭሽ ብትይዢው ይታወቅብሻል። ደግሞም ሲስተሯ የምትወርደው በጀልባዋ አፍንጫ በኩል ሸምበቆው ላይ ስለሆነ መተላለፊያ ያስፈልጋታል። ስለዚህ የሹፌሩ ወንበር ወደ ቀኝ ጥግ ተገፋ። ሹፌሩ ቀኝ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ግራው ላይ ልኩን የሚያህል ክብደት መኖር አለበት። ባትሪውና ትልቁ የመድኃኒት ሣጥን ግራ ላይ እንዲሆኑ ተወሰነ። ስንት ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ? እሱ የሚታወቀው የሹፌሩ ክብደት ሲታወቅ ነው።

እዚህ ጋ ነው ልጅቷ ሚዛን የተባለችው። አጎቷ የጣውላ መመዘኛውን፣ ያንን ከበሩ አጠገብ ያለውን ባለ ብረት መድረክ፣ ለእሷ ሰጧት፤ አንድ ደብተርም ጨመሩላት። «እዚህች ጀልባ ላይ የሚገባ ነገር ሁሉ በአንቺ በኩል ያልፋል። ብሎን ሳይቀር» አሏት። እሷ ደግሞ ሥልጣን ስትይዝ አታውቂያትም። ጣውላ ሲመጣ መድረኩ ላይ ታወጣውና በከፍተኛ ድምፅ ትጠራለች፦ «የቀኝ ጎን ሦስተኛ ጣውላ። አራት ኪሎ ከስድስት መቶ!» አጎቷ ከወዲያ «ተመዝግቧል» ይላሉ። ሚስማር ያለፈቃድ አንድ ብሎን ቢጨምር ወዮለት።

«ቫርኒሹን ስንት ጊዜ ነው የቀባኸው?»

«ሦስት።»

«ሁለት ነው የተባለው።»

«ሦስተኛው እንደ ጤዛ ነው የኔ እመቤት፤ ስስ ናት።»

«ጤዛም ይመዘናል።»

አንዴ እንዲያውም የጀልባዋን የላይኛውን ጠርዝ፣ እሱ በጣም የኮራበትን፣ ሦስት መቶ ግራም አልፏል ብላ እንደገና በመላጊያ አስላጨችው። ግማሽ ቀን ነው የፈጀበት። እየላጨ «አንቺን ያገባ ሰው ጨውን በፍሬ ቆጥሮ ነው የሚበላው» አላት።

ሁሉ ነገር ይመዘናል። ሰው ግን አይመዘንም። እሱ የአጎትየው ደንብ ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት። «ጣውላ ይመዘናል፣ ሰው ይጠየቃል» ይላሉ። ጀልባው ላይ የሚቀመጠውን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው ይጠይቁታል፣ የነገራቸውንም ይጽፋሉ፤ አለቀ። ሰውን መድረክ ላይ አውጥቶ ቁጥሩን መጥራት ለሳቸው ነውር ነው።

እና አንድ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ ጠየቁ።

ሁሉም ነበሩ። ሲስተሯ የሥራውን መድረስ ልታይ መጥታለች፤ ሚስማር የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል፤ ልጅቷ ሁለት ድጋፍ ላይ የተጋደመ ቀጭን ጣውላ ላይ ልትቀመጥ ስትል ሚስማር ብድግ አለና ጣውላውን በሁለት እጁ ያዘው።

«እሱን ተይው እባክሽ፣ ሳምንት ሙሉ ነው ያደረቅኩት።»

ሲስተሯ ሳትፈልግ ሳቀች። ልጅቷም ሳቀች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰው ሲስቅብሽ መጀመሪያ የምትስቂው አንቺ ነሽ አይደል። ከዚያ አጎትየው እርሳሳቸውን ከጆሮአቸው ላይ አነሱ።

«ሲስተር፣ ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ስልሳ አራት፣ ከነጫማዬ» አለች ሲስተሯ ሻይዋን እየጠጣች፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

«አንቺስ የኔ ልጅ?»

እዚህ ላይ አስቢላት። ሲስተሯ ስልሳ አራት ብላለች፤ ሲስተሯ ደግሞ ሙሉ ሴት ናት። ሚስማር ጣውላውን ገና አልለቀቀውም። ደግሞ ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የስፖርት አስተማሪው ተማሪውን ሁሉ አሰልፎ መዝኖ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ እሷ ጋ ሲደርስ ከኋላ አንድ ልጅ አፉን ሞልቶ ሲያፏጭ ትዝ አላት። አስተማሪው ራሱ ፈገግ ብሎ ነበር። ያንን ፈገግታ መቼም አትረሳውም።

«ሃምሳ ስምንት» አለች።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንኳ አታውቅም። ሰባተኛ ክፍል እያለች ሃምሳ ስምንት ነበረች፤ ስለዚህ ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም፣ አንድ ጊዜ እውነት ነበር ብላ ራሷን ደለለች። አጎቷ ደግሞ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። «ሃምሳ ስምንት» አሉና በቀይ እርሳስ ጽፈው ከበቡት። ቀና ቢሉ ይሻላት ነበር። ያመኗት አመኔታ ነው ጆሮዋን ያጋለው።

ሲስተሯ ግን ቀና አለች። ዕድሜ ልኳን ሰው ስትመዝን የኖረች ሴት ናት። አንድ አፍታ አየቻትና ሻይዋን ጠጣች።

መጀመሪያ ልጅቷ አንድ ዕቅድ ነበራት። ጀልባዋ ውሃ እስክትገባ ሦስት ወር አለ፤ በሦስት ወር ሃምሳ ስምንት እሆናለሁ አለች። አራት ቀን ቁርስ አልበላችም። በአምስተኛው ቀን ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ስታልፍ የሆነችውን አልነግርሽም፤ ሁለት ትኩስ ዳቦ መንገድ ላይ ቆማ ነው የበላችው። ሦስተኛውን ቤት ይዛ ገባች።

ከዚያ በኋላ እናገራለሁ ስትል ነገሩ ይርቃታል። ሰኞ እናገራለሁ ትላለች፤ ሰኞ አጎቷ የባትሪውን ቦታ ወለሉ ላይ ለክተው ምልክት አድርገዋል። እሺ ዓርብ ትላለች፤ ዓርብ ሚስማር የሣጥኑን መቀመጫ በአራት ብሎን አስሮ ጨርሷል። ጠዋት ጠዋት መጋዘን ስትገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ንድፍ ውስጥ ያ ቀይ ክብ ያያታል። እሷ ደግሞ ደብተሯን ከፍታ «ይሄ ማጠፊያ አርባ ግራም ይበልጣል» እያለች ሚስማርን ትቆጣለች። ማታ አልጋዋ ውስጥ ይሄ ትዝ ሲላት ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ትስባለች። ለአርባ ግራም የምትቆጣ ልጅ፣ አሥራ አራት ኪሎ ኪሷ ውስጥ ደብቃ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ ደረሰ።

ጠዋት ነው፣ ሐይቁ ገና አልተነሳም። አጎትየው የነጣ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ኮሌታው እስከ ላይ ተቆልፏል። ጀልባዋ ታምራለች ስልሽ። ጎኗ የማር ቀለም ያለው ቫርኒሽ፣ ሆዷ ጥቁር አረንጓዴ፣ በሁለቱ መሀል ዙሪያዋን አንዲት ነጭ መስመር። ውሃው እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል ማለት ነው፤ አጎትየው ሲነድፉ ያሉት ቦታ ላይ። ወደቡ ላይ ያሉት ወሬኞች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል፤ ስድስት ሰባት ይሆናሉ።

በድንጋዩ ማውረጃ ላይ አንሸራትተው አወረዷት። ስትገባ ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ባዶዋን ስትቆም ትንሽ ወደ ግራ ዘመም አለች፤ ባትሪውና ሣጥኑ እዚያ ናቸዋ። ከወሬኞቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አጎትየው ግን ፈገግ አሉ፤ ልጅቷ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም።

«ሹፌሯን እየጠበቀች ነው» አሉ። «ግቢላት የኔ ልጅ።»

መጀመሪያ ሲስተሯ ገባች፣ መሀል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ልጅቷ የሚስማርን እጅ ይዛ ወረደች፣ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ትንፋሽ መያዝ ክብደት የሚቀንስ ይመስል፣ ተቀመጠች።

ጀልባዋ ከግራ ተነሳች። ቀጥ አለች። ለአንድ ቅጽበት፣ ሞዴሏ እራት ጠረጴዛው ላይ ስትቆም እንደነበረው፣ ቀጥ አለች። ከዚያ አለፈች። ወደ ቀኝ ሄደች፣ ሄደች፣ ቆመች። በቀኝ በኩል ነጩ መስመር ውሃ ውስጥ ጠፋ፤ በግራ በኩል ሁለት ጣት አረንጓዴ ወጣ።

አጎትየው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ውጡ እስቲ። እንደገና ግቡ።»

ወጡ። ገቡ። ሁለት ጣት።

ነዳጁን አዩ። ሣጥኑን ከፈቱ፤ የታሰበለትን ያህል ተሞልቷል። ገመዱ የት እንደተጠቀለለ አዩ። ከዚያ ወደ ሚስማር ዞሩና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት፤ ግን ጠዋት ሐይቅ ዳር ዝቅ ያለ ድምፅ ሁሉ ይሰማል።

«የቀኙ ጎን ጣውላ በደንብ ደርቆ ነበር?»

ሚስማር፣ ቀልድ የማያልቅበት ሚስማር፣ ፊቱ ሁሉ ወደቀ። «አለቃ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። እርጥብ ጣውላ ሰጥቼዎት አውቃለሁ? ደግሞ ሁሉም በሚዛን እጅ ነው ያለፈው፤ እሷን ይጠይቋት።»

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው። አሁን ተናገሪ አለች ለራሷ። አፏን ከፈተች። ወሬኞቹ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተዋል።

«ደብተሩ ልክ ነው» አለች።

አጎትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንጨቱ ልክ ከሆነ፣ ደብተሩም ልክ ከሆነ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ይቅርታ ሲስተር። አየሽ፣ ሰው ሲነግረኝ መስማት ነበረብኝ።» ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ሸሚዛቸው ከኋላ ሲታይ እንዴት እንደሰፋቸው ልጅቷ ያን ቀን ነው ያየችው።

ከወሬኞቹ አንዱ «እኔ እኮ ብያለሁ» ሲል ተሰማ።

ሲስተሯ ከጀልባዋ አልወጣችም። ልጅቷን አየቻት። «እኔ ክሊኒክ ውስጥ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ ፊቴን አዞርለታለሁ። ቁጥሩን የማየው ሲወርድ ነው። አሁንም ፊቴን ማዞር እችላለሁ። ግን እሳቸው አርጩሜውን ሊሰቅሉ ነው የገቡት፣ ገብቶሻል?»

ገብቷታል። ያውም አስቀድሞ ነው የገባት።

መጋዘን ስትገባ አጎቷ ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል፣ በነጩ ሸሚዝ። ንድፉን ከግድግዳው አውርደው ዘርግተውታል። ጣታቸው ከቁጥር ቁጥር ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አርጩሜው አጠገባቸው መሬት ላይ ነው፤ ጫፉ ላይ ገመድ ታስሮበታል፣ መስቀያ።

«ነይ እስቲ አንብቢልኝ» አሏት ቀና ሳይሉ። «ይሄ ዓይኔ ሦስትና ስምንትን ያምታታብኛል መሰለኝ። የባትሪው ስንት ይላል?»

«አሥራ ስምንት።»

«ሣጥኑ?»

«አርባ።»

«ሹፌር?»

ጣቷ ቀዩ ክብ ላይ ቆመ።

«ሹፌር ስንት ይላል የኔ ልጅ?»

ሃምሳ ስምንት ይላል ብትል ውሸት አይደለም፤ ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው። ያንን አሰበችው፣ አልደብቅሽም። ግን ሦስትና ስምንትን አምታታሁ ማለታቸውን ልትሸከመው አልቻለችም። ያ ዓይን ምንም አላምታታም። ደብተሩን አስቀመጠች። ጫማዋን አላወለቀችም። በሩ አጠገብ ወዳለው መድረክ ሄደች፣ ወጣችበት። ብረቱ ጓ አለ። ሚስማር በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሲስተሯም ከኋላው አለች።

ልጅቷ ሚዛኑን ገፋች፣ መለሰች፣ እስኪረጋ ጠበቀች፣ ልክ ለጣውላ እንደምታደርገው። ከዚያ ጣውላ በምትጠራበት ድምፅ ጠራች፤ ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ እንጂ።

«ሹፌር። ሰባ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ።»

«ተመዝግቧል» የሚል አልነበረም።

አጎትየው ተንበርክከው እንዳሉ ቀና ብለው አዩዋት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠየቁኝ ቀን ጀምሮ ጋሼ።»

ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ቢጮሁ ታለቅስና ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ። ከዚያ የተናገሩት ስለሷ አልነበረም፤ ስለራሳቸውም አልነበረም። «ሚስማርን እኮ ሰው ፊት ጠየቅሁት» አሉ። «እንጨቱን ጠረጠርኩ።»

ከመድረኩ ወረደች። ሚስማር በሩን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱን ማየት ስላቃታት ጫማው ላይ የተጣበቀውን የእንጨት ብናኝ እያየች «ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። እንደሚቀልድባት ተዘጋጅታ ነበር። ጣውላ፣ ባልዲ፣ የሆነ ነገር ይላል ብላ። እሱ ግን ምንም አላለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያላግጥ የኖረ ሰው ዝም ሲል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የትኛውም ሚዛን አይነግርሽም።

በኋላ፣ አጎትየው የሣጥኑን አዲስ ቦታ አስልተው «አሥራ ሁለት ሴንቲ ወደ ግራ» ሲሉት፣ ጀልባዋ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ብሎኖቹን እየፈታ ሚስማር ለብቻው እንደሚያወራ ሰው አጉረመረመ።

«እኔ ደግሞ ግማሽ ቀን። ለሦስት መቶ ግራም። ግማሽ ቀን ነው የላጨሁት።»

ቆየት አለና ደግሞ፦ «ያኔ ጣውላውን መያዝ አልነበረብኝም።»

ልጅቷ አምፖሉን ይዛለት ቆማ ነበር። ወደ እጁ ጠጋ አደረገችለት።

ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ እንደገና ባዶዋን ቆመች፤ አሁን ወደ ግራ ያዘመመችው ከጠዋቱ ይበልጣል። ወሬኞቹ አንድም ሳይቀሩ አሉ፤ ምሳም የበሉ አይመስለኝም። አጎትየው ወደነሱ ዞሩ። ልጅቷ ሊነግሯቸው ነው ብላ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ተመኘች። እሳቸው ግን «የሣጥኑ ቦታ ትንሽ ተስተካክሏል» ብቻ አሉ። ከዚያ ለሷ «ግቢላት» አሏት። ጠዋት ‹የኔ ልጅ› ብለዋት ነበር። አሁን አላሉም።

ገባች። ተቀመጠች። ጀልባዋ ከግራ ተነሳች፣ መጣች፣ መጣች፣ ቀጥ አለችና ቆመች። ነጩ መስመር ዙሪያዋን ሁሉ ውሃው ላይ ተቀመጠ፣ እንደተሰፋ። ሞተሩን አስነሳች፤ ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው። ሸምበቆው ጥግ ድረስ ሄደው ተመለሱ። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እየጠገነ ነበር፤ በጎኑ ሲያልፉ ቀና አለ፣ ከኋላቸው ያለውን ውሃ አየ፣ እንደገና አየ፣ ወደ መረቡ ተመለሰ። ሲስተሯ ይሄኔ ነው የሳቀችው።

ሲመለሱ አጎትየው ማውረጃው ላይ ቆመው ነበር። አርጩሜው እጃቸው ላይ ነው፤ ገመዱን እየፈቱለት። የመድረኩን ሚዛን ግን በማግስቱ ከልጅቷ አልወሰዱትም፤ ደብተሩንም አልወሰዱም። ጠዋት ስትገባ አዲስ ገጽ ተከፍቶ ጠበቃት። በሳቸው እጅ፣ በቀይ፣ አንድ መስመር ተጽፏል፦ «ሹፌር፣ 72.2። ተመዝግቧል።»

አሁን ጀልባዋ በሳምንት አራት ቀን ትወጣለች። ሚስማር ከአሥር ቀን በኋላ መቀለድ ጀምሯል፤ ስለ ጣውላ ግን አይቀልድም። ጀልባዋ ወለል ላይ፣ ሣጥኑ መጀመሪያ በነበረበት ቦታ፣ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ሚስማር በእንጨት ደፍኗቸዋል፤ ግን እንጨቱ ከወለሉ ፈዘዝ ያለ ነው። ሌላ ሰው አያያቸውም። ልጅቷ መሪውን ይዛ ስትቀመጥ ልክ ከግራ እግሯ አጠገብ ናቸው። አራት ናቸው፣ ሁልጊዜ ትቆጥራቸዋለች።

ለማንም አልነገረችም ነበር፤ ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነው የነገረችው፣ በስልክ። ጓደኛዋን ትምህርት ቤት ሬዲዮ ነበር የምንላት፣ አፏን ስለማትዘጋ። ልጅቷ ሃምሳ ስምንቱን፣ ሁለቱን ጣት፣ መድረኩን፣ ሁሉንም እያለቀሰች ነገረቻት። ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ሰማች። ሲያልቅ እንዲህ አለቻት፦

«ሰባ ሁለት ብቻ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ ሰባ ስምንት መስሎኝ ነው እስከዛሬ ዝም ያልኩሽ። በይ አንድ ቀን ይዘሽኝ ውጪ፤ የኔን ግን ለአጎትሽ በጆሯቸው ነው የምነግራቸው።»